ሦስት አረንጓዴ ሲቀረው

በሰማንያ ሰባተኛው ቀን ጠዋት አረጋ ይማም ላብ አጥምቆት ነቃ። አንሶላው ከጀርባው ተጣብቋል፣ ሆዱ ይገለባበጥበታል፣ ግራ መንጋጋው ሥር ደግሞ ትንሽ ቁርጥማት ነገር አለ። ደረቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቱ ምንም አላለውም። እንግዲያው ስኳሬ ወርዶ ነው አለና ተመልሶ ጋደም አለ። ስኳር የወረደበት ሰው ጣፋጭ ነገር ቀምሶ ነው የሚነሳው፤ አረጋ ግን በእነዚህ ሦስት ወራት ከሞት ይልቅ ጣፋጭ ይፈራ ነበር።

ከበሩ ራስ ላይ የተሰቀለው፣ ደሙንና ልቡን የሚከታተለው መሣሪያ፣ ነጋሪው፣ እንደ ሁልጊዜው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተናገረ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ አረጋ? የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ አረጋ።

አስቦበት አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ አንድ እግሩ መቃብር የገባ ሰው እንኳ እንዴት አደርክ ሲሉት ይመስገን ነው የሚለው። የአረጋ እናት ነፍሷ ሊወጣ ሲል ጎረቤት ገብቶ እንዴት ነሽ ቢላት «ይመስገን፣ ዛሬስ ደህና ነኝ» ብላ ነው ያሸለበችው። ነጋሪውን የሠሩት ሰዎች የአገሩን ሰላምታ አሳምረው አስተምረውታል፤ የአገሩን መልስ ግን ማንም አላስተማረውም።

«ምላሽዎ ተመዝግቧል። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ ነጋሪው። በውጭ በኩል ከበሩ በላይ ያለው መብራት አረንጓዴ በርቶ የቀኑን ቁጥር አሳየ። ሰማንያ ሰባት ሞላ፣ ሦስት ቀረ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ከተደረደሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ። አረጋ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንዲት ልጁ የሺ ሰመራ ትሠራለች። ስኳር ከያዘው ሃያ ሁለት ዓመት፣ የልብህ ሥሮች ጠበዋል ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሰፈሩ ሰው ስኳርና ልብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል፤ አንዱ የገባበት ቤት ሌላው ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል።

የጠበበ የልብ ሥር ደሴ ላይ ይጠገናል። ጠዋት ሄዶ ማታ በእግሩ የሚመለስ አለ። ችግሩ ሰዉ ነው፤ ስኳር ያልገባበት ቤት ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ለአንድ ቅሬ በዓመት አንድ ተራ ብቻ ይሰጠዋል። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ድሮ ሥራው ሙት መቅበርና ሐዘንተኛ ማስተዛዘን ነበር፣ አሁን የአባላቱን ስኳርና ልብም የሚጠብቀው እሱ ነው። ተራ የደረሰው ሰው ዘጠና ቀን በተከታታይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ መዋል አለበት። አንዲት ቀን ስኳሩ ወጥቶ ከቀላበት ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ራሱን የማይጠብቅ ሰው ልብ አንጠግንም ነው የሚሉት ደሴ ያሉት፤ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ቦታ ስለሌላቸው ነው።

ታዲያ አንድ ቤት ሲቀላ የመላው ቅሬ የሚቀጥለው ዓመት ተራም በወር ወደ ኋላ ይገፋል። ሰፈሩ ሁሉ ዓይን የሆነው ለዚህ ነው። ደረጃ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን ፊት ሳይሆን ከበሩ በላይ ያለውን መብራት ነው። ሰርግ ቤት ስኳርተኛው ለብቻው ይቀመጣል፤ እጁን ወደ ሰው ሳህን የዘረጋ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ነውር ነው ይለዋል።

ተራ ለደረሰው ሰው ደግሞ ቅሬው ጠባቂ ይመድብለታል። የአረጋ ጠባቂ ከጎኑ ያሉት እትዬ ዘምዘም ነበሩ፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ከዘንግ የቀጠኑ፣ ምላሳቸው ግን ከምላጭ የሚተካከል ባልቴት። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ይመጣሉ። ሳያንኳኩ ይገቡና አፉን አስከፍተው ያሸቱታል። መደርደሪያውን፣ የትራሱን ሥር፣ የጫማውን ውስጥ ይፈትሻሉ። ቀጥሎ አልጋው ላይ አስቀምጠው ውስጥ እግሩን በመስታወት ያዩለታል፤ ስኳር የበላው እግር ሚስማር ቢረግጥ አይሰማም፣ የሰው ዓይን ነው የሚሰማለት። ከዚያ መዳፍ የምታህል ቂጣ ይቆርሱለታል፣ ጨው የሌለው ምስር ያስከትላሉ፣ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አስውጠው ምላሱን አንሳ ይሉታል። በሦስት ሰዓት ኮሪደሩን አርባ ጊዜ ያመላልሱታል። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ብስኩት ትኩር ብሎ ሲያይ ይዘውት «ዓይንህም ይጾማል» አሉት። አረጋ ሴትዮዋን ይፈራቸዋል፣ ይጠላቸዋል፣ ደግሞ ያለ እሳቸው ሰማንያ ሰባት እንደማይደርስ ልቡ ያውቃል።

በዚያ ጠዋትም እንደ ልማዳቸው መጡ፣ አሸቱት፣ ፈተሹት፣ ፊትህ አመድ መስሏል ብለው ተቆጡት። ላብ ላብ እንዳለው አልነገራቸውም። ሦስት ቀን ሲቀረው ምን ይሁን ብሎ ይናገራል!

በሦስት ሰዓት ለእርምጃው ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ኮሪደሩ ላይ እጁን በክርኑ ያዙት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ደግፈውት አያውቁም። አምስት ጊዜ እንደተመላለሱ ትንፋሹ አጠረና ግድግዳውን ተደገፈ፤ አሁን ይሰድቡኛል ብሎ ቢጠብቅ «ይብቃህ፣ ተቀመጥ» አሉት። መስኮቱ ሥር አስቀመጡትና እሳቸውም ከጎኑ ቁጭ አሉ። ፋብሪካውን፣ ተራራውን፣ ወንዙን ዝም ብለው አዩ። እኩለ ቀን እስኪሆን አልተነሱም። አንድ ሁለቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

በሰማንያ ስምንተኛው ቀን ፍተሻው ቀረ። አረጋ ምን ነካቸው አለና ሊፈትናቸው ከምሳው ላይ ሁለተኛ ቂጣ ቆረሰ። አዩት። ፊታቸውን አዙረው የመጋረጃውን ጠርዝ ማስተካከል ያዙ። አረጋ ቂጣውን መልሶ አስቀመጠው፤ ልቡ ግን በደስታ ዘለለች። አለቀ በቃ፣ ደረስኩ፣ እሳቸውም አመኑኝ አለ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? አረጋ ያን ቀን ሲልስ ዋለ።

ወደ ግቢ ሲወርድ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተነስተው አሳለፉት። ተቀመጡ እንጂ ቢላቸው አልተቀመጡም። ግቢው መሐል የቅሬው ድንኳን ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ምነው፣ ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቅ፣ ብል እንዳይበላው እያናፈስነው ነው አሉት። አንደኛው ቋሚ መሐሉ ላይ ጎብጦ አየና እጁ አላስቻለውም፤ መዶሻ አስመጥቶ፣ ድንጋይ አስደግፎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ አቃናው። በመጨረሻ በዓይኑ እያነጣጠረ አሁን ሰው ያስጠልላል አላቸው። አንዱ ጎልማሳ ድንገት ጥሎ ወደ ውጭ ወጣ። አረጋ ስልክ ተደውሎለት ነው ብሎ አሰበ።

በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን የሺ ከሰመራ ደወለች። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለችው፤ ሳቀች፣ ቀለደች፣ ምን ይዤልህ ልምጣ አለችው። ሊሸኙኝ ነው ብሎ አባቷ ዓይኑ ዕንባ ሞላ። ቦርሳውን አዘጋጀ። የደሴው መኪና በማግስቱ በሦስት ሰዓት ሊወስደው ቀጠሮ ተይዟል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ ሙሄ ራሳቸው መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ሰው ቤት ከመጡ ዓመት አልፏል። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ ፋብሪካው ዘመን ተጫወቱ። ሊነሱ ሲሉ በመሐሉ ጣል አድርገው፣ ለመሆኑ በእነዚህ ሦስት ወራት አምሮህ የቀረ ምን አለ ብለው ጠየቁት። አረጋ ሳቀ። ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ትኩሱን፣ ግን ተጠግኜ ስመለስ አላቸው። ጋሽ ሙሄ ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

የሚገርመው፣ ነገሩ ለእሱ አለመገለጡ ነው። አረጋ ይማም እኮ ለአሥራ ስድስት ዓመት የዚህ ቅሬ መርዶ ነጋሪ የነበረ ሰው ነው። ሰው የሞተበትን ቤት ማን ያንኳኳ፣ ማን ይቅደም፣ በየትኛው ሰዓት ይሁን፣ ይህን ሁሉ ለጎረምሶቹ ያስተማረው እሱ ነው። መርዶ በጎህ እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። ባዶ ሆዱን ለሆነ ሰው አይነገርም፤ አስቀድሞ የሚወደውን ይቀምሳል። ቅርብ ዘመድ አስቀድሞ ይሰማና አብሮ ይመጣል። ባለመርዶው ከንፈር መምጠጥ እንዳይሰማና ደንግጦ እንዳይወድቅ ሰው ሁሉ ፊቱን ያሳምራል።

አንድ ሌላ ነገርም እሱ ነው የጀመረው። ተራ አይነጠቅም፤ ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ደግ ሕግ ነው። ባለተራው ራሱ በአፉ ካላጠፋው በቀር ማንም ከእጁ አይወስድበትም። ከስምንት ዓመት በፊት ግን አሊጋዝ የሚባል ስኳርተኛ ተራው ደርሶ ሳለ ልቡ ከጥገና አለፈ፤ ከእሱ ቀጥላ የቆመችው የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበረች። ቅሬው ሦስት ቀን መከረ፣ መላ አጣ። ያን ጊዜ አረጋ፣ በመርዶ ወግ እንሂድበት አለ። የሚወደውን ይብላ፣ መብራቱ ይቅላ፣ ከዚያ ይነገረው። ሳህኑን ይዞ የገባውም እሱ ነው። አሊጋዝ ጣቱን እየላሰ ሞቱን ተረዳ፤ ሴትዮዋ ተጠግና ሁለት ልጅ ወለደች። አረጋ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛ። አሊጋዝ ደግሞ የእትዬ ዘምዘም ባል ነበር።

በዘጠናኛው ቀን አረጋ ገና ጎህ ሲቀድ ለባብሶ ጨርሷል። ነጋሪው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጠይቀው ይመስገን ብሏል፣ አረንጓዴው በርቷል፤ እስከ ሦስት ሰዓት ከቆየለት ሌላ ምንም አይፈልግም። ቦርሳውን በር ሥር አድርጎ መስኮቱ ላይ ቆመ። ያኔ ነው በግቢው መሐል ሲመጡ ያያቸው።

ጋሽ ሙሄ ከፊት ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ ከኋላቸው የሺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከሁሉም ኋላ እትዬ ዘምዘም በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው። አይነጋገሩም። ኮቴያቸው አይሰማም። ሦስት እርምጃ ይራመዱና ትንሽ ያዘግማሉ፣ ሦስት ይራመዱና ያዘግማሉ። አረጋ ይህን አካሄድ ያውቀዋል፤ ተረከዛችሁን አታሰሙ ብሎ ያስተማራቸው እሱ ነው። ልጄ እዚያ ናት፣ ሌላ ዘመድ የለኝም፣ እንግዲህ ለማን ነው የሚመጡት ብሎ ቆጠረ። ሲቆጥር የቀረው ራሱ ብቻ ሆነ።

ሳያንኳኩ ከፈተላቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ። ዘምዘም ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ የቅቤና የማሩ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«መጀመሪያ ቅመስ፣ አረጋ» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ቅመሱ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጋሽ ሙሄ። ይንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ባለመርዶ ገጥሟቸው አያውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ሙሄ መሬት መሬት እያዩ ነገሩት። በሰማንያ ሰባተኛው ቀን ጎህ ላይ የልቡ የታችኛው ግድግዳ ሞቷል። ነጋሪው አይቷል። ለልብ ሕመምተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም የሚል ደንብ ስላለው ለእሱ አልተናገረም፣ ለቅሬው ዳኛ ነው የተናገረው። ሕመምተኛው አመመኝ ካላለ ደግሞ መኪና አይላክም። የቀረው ልብ ከወር እስከ ሦስት ወር ያቆየው ይሆናል፤ ደሴ የሞተ ልብ ላይ አይሠሩም።

«አላመመኝም እኮ» አለ አረጋ። «ደረቴን ዳስሼዋለሁ። ምንም አላለኝም።»

«የስኳር ሰው መቼ ያመዋል» አሉ ዘምዘም። «እግርህ ሚስማሩን እንደማይሰማ ልብህም ሞቱን አልሰማ። ያ ላብ ነበር ሕመሙ። መንጋጋህን አላሸህም ነበር?»

አሽቶ ነበር። መቼ ሰማችሁ ብሎ ጠየቀ። በዚያው ቀን በሁለት ሰዓት አሉት። ልቤ እስከ ስንት ሰዓት ይተርፍ ነበር አለ። ዘምዘም እጁን በክርኑ ይዘው መስኮት ሥር ያስቀመጡትን፣ አፋቸውን ከፍተው የዘጉትን አስታወሰ።

«እስከ እኩለ ቀን» አሉ ዘምዘም። «አመመኝ ብትል መኪናው ይመጣ ነበር። አጠገብህ ሆኜ ፀሐዩን ስቆጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ጋሽ ሙሄ ቀና አሉ። በእውነት የተገረሙ ይመስሉ ነበር። «መርዶ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል እንዴ፣ አረጋ? እስኪነጋ፣ ልጅህም እስክትመጣ እንጠብቅ ተባባልን። አንተው ነህ ያስተማርከን።»

አረጋ ተነሳ። በሩ ጋ ሄደና ወደ ነጋሪው አንጋጠጠ። በሃያ ሁለት ዓመት የበሽታ ዘመኑ አንድም ቀን ከአፉ ያልወጣውን ቃል ተናገረ።

«አመመኝ» አለ።

«አዝናለሁ፣ ጋሽ አረጋ። መቼ ጀመረዎት?»

«የዛሬ ሦስት ቀን። በጠዋት።»

«የዛሬ ሦስት ቀን በጠዋት ደህና ነኝ ብለዋል። ምላሽዎ ተመዝግቧል። አሁን የሚያምዎት ነገር አለ?»

አረጋ ደረቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ምንም አላለውም። አዎ ብሎ ቢዋሽ ነጋሪው ደሙንም ልቡንም ያያል። ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋሽ ሙሄ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው ነገሩት። ተራው የእሱ ነው፣ ማንም አይነጥቀውም። መኪናው በሦስት ሰዓት ይመጣል፤ እሄዳለሁ ካለ ይሄዳል። ደሴ ያሉት አይተው ይመልሱታል፣ ተራውም እዚያው ይቃጠላል። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ሁለተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ሐያት ናት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏት፣ የሚቀጥለውን ዓመት አትደርስም ተብሏል። መኪናው ከመምጣቱ በፊት መብራቱ ከቀላ ግን ተራው ለእሷ ያልፋል። አረጋ ንግግሩን ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ለአሊጋዝ ያለው እሱ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

ዘምዘም የሳህኑን ጨርቅ ገለጡ።

«አሊጋዝ ሲበላ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር» አሉ። «‹ብላ ወንድምዓለም፣ አንድ ቀን ምን አለው› አልከው። ጣቱን ላሰ። ከዚያ ነገርከው።»

«እትዬ ዘምዘም፣ ለዚህ ነው የጠበቁኝ?»

«አይደለም። እንድትድን ነበር የጠበቅኩህ። ሦስት ወር ሙሉ በዱዓዬ አንተን ነበር የማነሳው።» ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

ቂም ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ቂመኛን ሰው ይሳደባል፣ ከቤት ያስወጣል፣ አልበላም ብሎ ይሞታል። ደግ ሰው ፊት ግን ምን ይደረጋል? አረጋ ዙሪያውን አያቸው፤ ሁሉም አልቅሰው ያደሩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው ቢፈልግ አንድ ብቻ ነው ያገኘው፣ እሱም ከስምንት ዓመት በፊት ሳህን ይዞ የገባው ነው። እንዲያም ሆኖ መኖር ይፈልግ ነበር። አንጀቱ እስኪንሰፈሰፍ ድረስ ይፈልግ ነበር። ሐያት ትሙት የሚል ሐሳብ በልቡ መጣ፤ አላፈረበትም፣ ለጥቂት ጊዜ አብሮት ተቀመጠ።

የሺ ተነስታ እጇን ታጠበች። አባቷ ፊት ተንበረከከችና ከሳህኑ ጠቀለለች። ማሩ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

«መቼ ነገሩሽ?» አላት።

«ከትናንት ወዲያ» አለች።

ትናንት በስልክ ሁሉን እያወቀች ስትስቅ የሰማው ድምጿ ትዝ አለው። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ፊቷን አሳምራለች፤ እሱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አያስተምራትም ነበር።

«አባዬ፣ ከእጄ» አለችው።

የልጅ ጉርሻ አይመለስም። እጇ እንዲንጠለጠል መተው አልሆነለትም፤ አፉን ከፈተ። ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ጨውና ጣፋጭ ያልነካው ምላሱ ደነገጠ። ይጣፍጥ ነበር። ያን ያህል መጣፈጡ አናደደው፤ ቢመረው ኖሮ ይተፋው ነበር። የሺ ሁለተኛውን ጠቀለለች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች።

ሁለተኛውን ጎረሰ። ሦስተኛውን ራሱ ከሳህኑ አነሳ። አራተኛውንም አነሳ። ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ጠበቁት። ጥቂት ቆይቶ በበሩ ሥር በኩል ቀይ ብርሃን ወለሉ ላይ ገባና የቦርሳውን ጎን አቀላው። ከታች፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ የሕፃን ሴት ልጅ ድምፅ «እማዬ፣ በራችን አረንጓዴ በራ፣ አንድ ይላል» ሲል ተሰማ፤ ወዲያው አንድ ሰው አፏን የያዛት መሰለ፣ ጸጥ አለች።

ያኔ ጋሽ ሙሄ ተነሱ፣ ሁሉም ተነሱ። አስቀድሞ ሰምቶም ቢሆን ወጉ አይቀርም። «አረጋ ወንድማችን» አሉ፣ «ሰው ሟች ነው። ላያስችል አይሰጥም። ልብህ አርፏል፣ አንተን ያጽናህ።» ሴቶቹ ለቅሶ ጀመሩ። አረጋም አብሯቸው አለቀሰ፤ ሟቹም ባለመርዶውም እሱ ስለሆነ ማን እንደሚያጽናናው ለጊዜው ግራ ተጋቡ። በመጨረሻ ዘምዘም መጥተው ራሱን ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

ሲረጋጋ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጋሽ ሙሄን ቀና ብሎ አያቸው።

«የድንኳኑ ቋሚ እንዴት ሆነ?» አላቸው።

«ጠንክሯል» አሉ ጋሽ ሙሄ። «እጅህ ይባረክ።»

በሦስት ሰዓት መኪናው መጣ፣ የሚጫን ሰው አለመኖሩን አይቶ ባዶውን ተመለሰ። ዘምዘም ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረዱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመምህርት ሐያት ጠባቂ እሳቸው ናቸው። በኮሪደሩ በኩል አፍሽን ክፈቺ ሲሏት ድምፃቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። የሺ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ቦርሳውን ፈትታ ልብሶቹን ወደ ቦታቸው መለሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አረጋ ነቃ። ላቡ የለም፣ ቁርጥማቱ የለም፤ እግሮቹ ብቻ አባብጠው ከበዱት፣ ትንፋሹም ከጉሮሮው አልወርድ አለው። የሺ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የተረፈው ማር ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አሁን ማንም አይፈትሸውም። ጣቱን ነክሮ ላሰና ወደ ጣሪያው እያየ ተጋደመ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ አረጋ?» አለ ነጋሪው። «የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ይመስገን» አለ አረጋ። «ደህና ነኝ።»

«ምላሽዎ ተመዝግቧል» አለ ነጋሪው።